የረገበ ጨርቅ ነፋስ ይችላል፦ በጀጎል መንገድ ላይ 48 ሜትር የጨርቅ ጥላ አሠራር

መንገድ ላይ የሚሰቀል ሰፊ ጨርቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀደደው እንደ ከበሮ ስለሚወጠር ነው። የተወጠረ ጨርቅ ፎቶ ላይ ያምራል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ግን መጀመሪያ ስፌቱ፣ ቀጥሎ ማሰሪያው፣ አንዳንዴም ማሰሪያው የተያዘበት ግድግዳ አብሮ ይሄዳል። ይህ መመሪያ ለሐረር ጀጎል የተዘጋጀ ነው፤ በተለይ ከፈረስ መጋላ ወደ ግድር መጋላ እንደሚወስደው እንደ መኪና ግርግር ላለ ጠባብ መንገድ። ልብስ ሰፊዎች የስፌት መኪናቸውን ዘርግተው የሚውሉበት ሰፈር በመሆኑ፣ ጨርቁ እዚያው ተገዝቶ፣ እዚያው ተሰፍቶ፣ እዚያው ሊሰቀል ይችላል። ይህን ዕድል ይዞ ከሌላ ቦታ አስፍቶ ማምጣት ያሳዝናል።

ለምሳሌ የምንይዘው 4 ሜትር ስፋት ያለው መንገድ ነው። ርዝመቱ 48 ሜትር፣ በላዩ 12 ጥላዎች፣ ጥላዎቹን የሚይዙ 13 የእንጨት መቃኖች፣ የሚቆይበት ጊዜ 10 ቀን። የእናንተ መንገድ ጠበብ ወይም ሰፋ የሚል ከሆነ ቁጥሮቹን በዚያው ልክ ቀይሩ። መለካቱን ግን በየ4 ሜትሩ አድርጉት፤ የጀጎል መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ስፋት የለውም።

ግድግዳው አይነካ

ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው። ድንጋዩ በጭቃ የተያያዘ፣ በኖራ የተለሰነ ግንብ ስለሆነ ሚስማርም ሆነ የብረት መንጠቆ ሲመታበት ልስኑ ይፈረካከሳል፤ የሚጎተት ገመድ ከታሰረበት ደግሞ ድንጋዩ ራሱ ይነቀላል። ጨርቅ ግድግዳው ላይ አጣብቆ ማልበስም አይመከርም፤ እርጥበት ይይዝና ኖራውን ያስለቅቃል። ስለዚህ እዚህ ያለው ነገር ሁሉ በራሱ ክብደት መሬት ላይ የሚቆም ነው። በግዙፍ የጨርቅ ሥራዎቻቸው የታወቁት አርቲስቶች ክሪስቶና ዣን-ክሎድ በ2005 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ 7,503 ጨርቅ የተንጠለጠለባቸው በሮች ሲያቆሙ መሬቱን በአንድም ቦታ አልቦረቦሩም፤ እያንዳንዱን እግር ከባድ የብረት መሠረት ላይ አሳረፉት። እኛ በብረቱ ፈንታ አሸዋ የሞላ በርሜል እንጠቀማለን።

ፈቃዱን ከክልሉ የባህልና ቅርስ ቢሮ በጽሑፍ ውሰዱ። ማመልከቻው ላይ የመቃኑን ሥዕል አያይዙና ግድግዳው በምንም ቦታ እንደማይነካ ግልጽ አድርጉ፤ ብዙ ጥያቄ የሚያስነሳው እሱ ነው። ቀበሌውን፣ የመብራት አገልግሎቱን፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞችን አሳውቁ። የአካባቢውን አፎቻ (የሐረሪዎች እድር መሰል የመረዳጃ ማኅበር) ሽማግሌዎችና ባለሱቆቹን ማነጋገር ግን ከቢሮው ሁሉ ይቀድማል። ሐዘን ቢደርስ አስከሬን በዚያ መንገድ ያልፋል፤ ዓርብ ዕለት የስግደት ሰው ይበዛል። የትኛው መቃን የማን ደጃፍ ላይ እንደሚቆም ከባለቤቱ ጋር ቆማችሁ፣ በጠመኔ ምልክት አድርጋችሁ ተስማሙ።

ጊዜና ፀሐይ

ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ ያለው ደረቅ ወቅት ይመረጣል። ጥላው የት እንደሚያርፍ አስቀድሞ ማሰብ ግን ያስፈልጋል። ጥር መጀመሪያ ላይ ሐረር ውስጥ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከአናት 31 ዲግሪ ገደማ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። 4.5 ሜትር ከፍታ ላይ የተሰቀለ ጨርቅ ጥላው 2.7 ሜትር ወደ ሰሜን ይሄዳል። መንገዱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚሄድ ከሆነ አብዛኛው ጥላ በሰሜን በኩል ያለው ግድግዳ ላይ ያርፋል፤ ከሰሜን ወደ ደቡብ ከሆነ መንገዱ ላይ ይቀራል። በሁለቱም አቅጣጫ ሊያምር ይችላል፤ ሳያውቁት ሲሆን ግን ባለሱቁ «ጥላ አላችሁን፤ ፀሐዩ እንዳለ ነው» ይላል፤ እውነቱንም ነው።

የጨርቁ ምርጫ

ለዚህ መንገድ አቡጀዲ እንመርጣለን፤ ያልነጣ ቢሆን ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነው። ምክንያቱ ዋጋው ብቻ አይደለም። ቀይ ወይም አረንጓዴ ጨርቅ ብርሃኑን በሙሉ ይቀልመዋል፤ ከሥሩ ጨርቅ የሚሸጥ ነጋዴ ደንበኛው የዕቃውን ቀለም መለየት ያቅተዋል። ቀለም የግድ ካስፈለገ ሱቅ በሌለበት፣ ባዶ ግድግዳ በሚበዛበት ክፍል አድርጉት።

ፖሊስተር ውኃ አይጠጣም፣ አያጥርም፤ እሳት ሲነካው ግን እየቀለጠ የሚነድ ጠብታ ይጥላል። ከሥሩ ሳምቡሳ የሚጠበስበትና ከሰል የሚቀጣጠልበት መንገድ ላይ እንዲሰቀል አንመክርም። ፕላስቲክ ሸራ ከባድ ነው፤ ብርሃንም አያሳልፍም። ሻሽ ነፋስ ስለሚያሳልፍ ጫናው ይቀንሳል፤ ጥላ ግን እምብዛም አይሰጥም። «ጨርቁን እንደ ግማሽ ጨረቃ ብንቀደው ነፋሱ ያልፋል» የሚባለው በባነር ሠሪዎች ዘንድ የተለመደ ነገር ብዙም አይጠቅም፤ ቀዳዳው ከጠቅላላው ስፋት ትንሽ ስለሆነ ጫናው የሚቀንሰው በጥቂቱ ነው፤ መቀደድ የሚጀምርበት ቦታ ግን ተዘጋጅቶለታል።

ወርዱ 1.5 ሜትር የሆነ አቡጀዲ ግዙ። አንድ ጥላ ሁለት ወርድ ተጋጥሞ ይሠራል፤ ለእያንዳንዱ ወርድ 4 ሜትር ይቆረጣል። 12 ጥላ እና 2 መጠባበቂያ 112 ሜትር ይፈልጋሉ፤ 115 ሜትር ያዙ። ከአንድ ጣቃ የማይበቃ ከሆነ ሁሉንም ጣቃ በአንድ ቀን፣ ከአንድ ሱቅ ውሰዱ፤ የነጭ ዓይነቱም ይለያያልና።

የ11 ሴንቲሜትሩ ነገር

የዚህ ሥራ ዋና ነገር እዚህ ላይ ነው። በሰከንድ 15 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 54 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ በሐረር ከፍታ (1,885 ሜትር ገደማ) አንድ ካሬ ሜትር ጨርቅ ላይ የ11 ኪሎ ያህል ጫና ያሳርፋል። እዚህ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ በባህር ጠለል ቢሆን 14 ኪሎ ይደርስ ነበር። ስለዚህ 1.5 ሜትር ወርድ ያለው ጨርቅ በእያንዳንዱ ሜትር ርዝመቱ 17 ኪሎ ይሸከማል።

ይህ ጨርቅ በሁለት መቃን መካከል ባለው የ4 ሜትር ርቀት ሲሰቀል ጫፉን ምን ያህል እንደሚጎትት የሚወስነው መሐሉ ላይ የሚረግበው ልክ ነው። 40 ሴንቲሜትር ከረገበ 85 ኪሎ ይጎትታል። 20 ሴንቲሜትር ከረገበ 170 ኪሎ። 10 ሴንቲሜትር ብቻ ከረገበ 340 ኪሎ። ጨርቁ ያው ነው፤ ነፋሱም ያው ነው። በሌላ ልክ ለማስላት፦ የአንድ ሜትሩን ጫና (17) በርቀቱ ካሬ (4 ሲባዛ በ4) አባዙና የመርገቡን ልክ በሜትር 8 ጊዜ አባዝታችሁ አካፍሉት።

አሁን ደግሞ ይህን አስተውሉ። ጨርቁ መሐሉ ላይ 40 ሴንቲሜትር እንዲረግብ የሚያስፈልገው ትርፍ ርዝመት 11 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ለ10 ሴንቲሜትር መርገብ ደግሞ 1 ሴንቲሜትር እንኳ አይሞላም። መሰላል ላይ የቆመው ሰው «ትንሽ ጠበቅ ላድርገው» ብሎ አንድ ስንዝር እንኳ የማይሞላ ሲስብ ጉትቻውን አራት እጥፍ አደረገው ማለት ነው። ስለዚህ ጨርቁ ከነማሰሪያው ከመቃን እስከ መቃን 4.11 ሜትር ይሁን፤ ይህን ልክ የያዘ አንድ ገመድ ቆርጣችሁ ጫፎቹን በቀይ ክር አስሩና በእያንዳንዱ ጥላ ላይ ለኩበት። በዓይን ግምት አትሥሩ፤ ከመሬት ሲታይ የረገበ ጨርቅ ሁልጊዜ «ያልጨረሱት ሥራ» ይመስላልና የማጥበቅ ፍላጎት አይጠፋም።

አዲስ አቡጀዲ መጀመሪያ ውኃ ሲነካው የሚያጥረውም በዚሁ ምክንያት አደገኛ ነው። ከ4 ሜትር ላይ 2.5 ከመቶ ቢያጥር 10 ሴንቲሜትር ነው፤ ሰጥታችሁት የነበረው ልል በሙሉ በአንድ ካፊያ ጠፋ ማለት ነው። አቡጀዲ ደግሞ ከዚያም በላይ ሊያጥር ይችላል። ስለዚህ ሳይቆረጥ በፊት ሞቅ ባለ ውኃ ሌሊቱን ዘፍዝፉት፣ ሳትጠመዝዙ አስጡት፣ ሲደርቅ ለክታችሁ ቁረጡ። ለገመድም ያው ነው፦ የቃጫ ገመድ ሲረጥብ ያጥራል፣ ናይለን ይለጠጣል። ለዋናው ሥራ ፖሊስተር ገመድ ብቻ።

ስፌት

ያለቀለት ጥላ 3.4 ሜትር ርዝመት፣ 3 ሜትር ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው ስፋት አለው፤ የቀረውን በሁለቱ ጫፍ ያሉት ማሰሪያዎች ይሞሉታል። ሁለቱን ወርድ እንደ ጂንስ ሱሪ ጎን አጣጥፋችሁ ሁለት ጊዜ ስፉ። ክሩ ፖሊስተር ይሁን፤ የስፌቱ ርዝመት 3 ሚሊ ሜትር። ከዚያ ካነሰ መርፌው ጨርቁን እንደ ቴምብር ይበሳዋል፤ በዚያው መስመር ይቀደዳል።

ሁለቱ ረጃጅም ጎኖች ቀጥ ብለው እንዳይቀሩ። ከጥግ እስከ ጥግ ክር ዘርግታችሁ መሐሉ ላይ 30 ሴንቲሜትር ወደ ውስጥ ግቡና በዚያ በኩል ጎበጥ ባለ መስመር ቁረጡ። ቀጥ ያለ ጠርዝ ምንም የሚስበው ነገር ስለሌለ ሌት ተቀን ይርገበገባል፤ ጨርቅ የሚያልቀው በመርገብገብ ነው። ጎባጣው ጠርዝ ውስጥ 4 ሚሊ ሜትር ገመድ አስገብታችሁ ቀምቅሙት፤ ጫፎቹን ጥጉ ላይ አሥራችሁ ስፉ።

ሁለቱ አጫጭር ጫፎች 12 ሴንቲሜትር ወደ ውስጥ ታጥፈው፣ በውስጣቸው የሻንጣ ማንገቻ የሚሠራበት ጠንካራ ጥብጣብ ይሰፋል። በዚያ ላይ በእኩል ርቀት 9 የጥብጣብ ቀለበቶች ይሰፋሉ፤ አራት ማዕዘን ሰፍታችሁ በመሐሉ ኤክስ ጨምሩበት። የብረት ዓይን መምታት ይቀላል፤ ከስስ ጨርቅ ላይ ግን ተቦጭቆ ይወጣል። ቀለበት ተነቅሎ በችኮላ መተካት ሲያስፈልግ ጠጠር ጨርቁ ውስጥ ቋጥራችሁ አንገቱን በገመድ እሰሩ፤ ይህ ከብረት ዓይኑ ይሻላል።

በጠቅላላው ለ14 ጥላ ወደ 480 ሜትር ስፌት አለ። ለአራት ልብስ ሰፊዎች አከፋፍሉት፤ የመጀመሪያውን ጥላ ግን አራቱም ባሉበት አንዱ ይስፋው፤ ቀሪው በዚያ ልክ ይሄዳል።

ከስፌት በኋላ እሳት መከላከያው ይመጣል። 200 ግራም ቦራክስና 85 ግራም ቦሪክ አሲድ በ2 ሊትር ሙቅ ውኃ ይሟሟል፤ ይህ ለአንድ ጥላ ይበቃል። ለሁሉም 2.8 ኪሎ ቦራክስና 1.2 ኪሎ ቦሪክ አሲድ ያዙ። ጓንት አድርጋችሁ ንከሩና አስጡ። ከቁራጩ ላይ ሞክሩት፦ ቁልቁል አንጠልጥላችሁ 12 ሰከንድ ክብሪት ያዙበት፤ ክብሪቱ ሲወገድ ጨርቁ ላይ ያለው እሳት ወዲያው መጥፋት አለበት። ዝናብ ካጠበው መድኃኒቱ ይወጣል፤ እንደገና መንከር ነው።

መቃን፣ በርሜል፣ አሸዋ

እያንዳንዱ መቃን ሁለት የ5 ሜትር የባሕር ዛፍ አጣና ቋሚዎችና አንድ የ3.6 ሜትር አግዳሚ አለው፤ ውፍረታቸው ከ10 እስከ 12 ሴንቲሜትር። መጋጠሚያው በ12 ሚሊ ሜትር ብሎን፣ በሁለቱም በኩል ሰፋ ያለ ሮንዴላ፣ ዳዶው በደንብ የጠበቀ። ጥጎቹ ላይ 80 ሴንቲሜትር ሰያፍ ድጋፍ ይመታል፤ ያለሱ መቃኑ ወደ ጎን ይተኛል። ሚስማር ብቻ አይበቃም፤ አጣና ሲደርቅ ይሰነጠቅና ሚስማሩ ይላላል።

ለቋሚው እግር በርሜል ለሁለት ይከፈላል። ነዳጅ የነበረበትን በርሜል በፍሌክስ ወይም በብየዳ አትቁረጡ፤ የቀረው ትነት ይፈነዳል። የምግብ ዘይት የነበረበትን ያዙ። ቋሚው ሥር ሁለት ጣውላ በመስቀል መልክ መትታችሁ በርሜሉ ውስጥ አቁሙና አሸዋ ሙሉበት። ግማሽ በርሜል 160 ኪሎ ገደማ አሸዋ ይይዛል። በዚያ 15 ሜትር በሰከንድ ነፋስ ጨርቆቹ ወደ ላይ ሲነሱ አንድ እግርን በ68 ኪሎ ያህል ያነሱታልና ክብደቱ ከሁለት እጥፍ በላይ ይችለዋል።

በሁለቱ ጫፍ ያሉት መቃኖች ግን ለብቻቸው መታሰብ አለባቸው። መሐል ያለውን መቃን ሁለቱ ጎረቤት ጨርቆች በተቃራኒ ስለሚስቡት ይተካከላል፤ ጫፍ ላይ ያለውን ግን የሚስበው አንዱ ብቻ ነው፣ 170 ኪሎ (ሁለት ወርድ፣ እያንዳንዱ 85)። ብዙ እንዲህ ያለ ሥራ የሚወድቀው ከጫፍ ነው። ስለዚህ ሁለት የ12 ሚሊ ሜትር ፖሊስተር ገመዶች በግራና በቀኝ ከሁሉም አግዳሚዎች ጋር እየታሰሩ ከዳር እስከ ዳር ያልፋሉ፤ ከጫፉ መቃን አናት በ45 ዲግሪ ወርደው መሬት ላይ ሁለት ሙሉ በርሜል አሸዋ ላይ ይታሰራሉ። አራት ጥግ፣ ስምንት ሙሉ በርሜል፣ ወደ 140 ሜትር ገመድ። መንገዱ ቁልቁል ከሆነ በታች በኩል ባለው ጥግ ሦስተኛ በርሜል ጨምሩ፤ ክብደቱ ራሱ ወደ ታች ይንሸራተታልና። ገመዱ ላይ በሰው ቁመት ነጭ ጨርቅ እሰሩ፤ ማታ ሰው አንገቱን እንዳይመታው።

ለሁሉም 21 በርሜልና ከ4 ሜትር ኩብ ጥቂት የሚበልጥ አሸዋ ያስፈልጋል፤ 7 ቶን ሊደርስ ጥቂት ቢቀረው ነው። አይሱዙ ፈረስ መጋላ ድረስ ያመጣዋል፤ ከዚያ በካሪዮላ ወይም በአህያ ነው። በርሜሉ ቦታው ላይ ከተቀመጠ በኋላ ይሞላ፤ የተሞላ በርሜል ማንከባለል የሰው እግር ይሰብራል።

እንዲበጠስ የታሰበው ማሰሪያ

የእያንዳንዱ ጥላ አንድ ጫፍ በ5 ሚሊ ሜትር ፖሊስተር ገመድ አጥብቆ ይታሰራል። ሌላው ጫፍ ግን በሲባጎ ይታሰራል፤ ነፋሱ ከልክ ሲያልፍ መጀመሪያ የሚሄደው እሱ እንዲሆን። ሲባጎውን እንዲህ ሞክሩት፦ መቃኑ ላይ በምታስሩበት ዓይነት፣ በዚያው ቋጠሮ፣ 20 ሊትር ውኃ የያዘ ጀሪካን አንጠልጥሉ። መያዝ አለበት። 5 ሊትር ሲጨመርበት መበጠስ አለበት። ካልተበጠሰ ስስ ሲባጎ ፈልጉ ወይም ዙሩን ቀንሱ። ያለ ቋጠሮ መሞከር ያሳስታል፤ ቋጠሮ የክሩን ጉልበት ግማሽ ያህል ይቀንሳል።

ዘጠኙ ሲባጎዎች አንድ ላይ ከ180 እስከ 225 ኪሎ ይይዛሉ፤ ከ170ው ትንሽ ይበልጣል። ሁሉም እኩል ካልጠበቁ ግን አንዱ ብቻውን ይሸከምና በቀላል ነፋስ ይበጠሳል፤ ሌሎቹ ይከተሉታል። በማለዳ ተበጥሶ የተገኘ ሲባጎ ብዙ ጊዜ የዚህ ምልክት ነው፤ መፍትሔውም ሲባጎውን ማወፈር ሳይሆን ዘጠኙን ማስተካከል ነው።

ሲባጎው ሲበጠስ ጨርቁ ሰው ላይ እንዳይወርድ፣ በዚያው ጫፍ በአራት ቀለበቶች ላይ 60 ሴንቲሜትር የሚረዝም የፖሊስተር መያዣ ገመድ ይታሰራል፤ በሰላሙ ጊዜ ዝም ብሎ ይንጠለጠላል። ሲባጎው ሲሄድ ጨርቁ 1 ሜትር ያህል ይረግባል፤ የአንዱ ወርድ ጉትቻ ከ85 ወደ 33 ኪሎ ይወርዳል። ነፋሱ ያልፋል፤ ማለዳ ላይ አዲስ ሲባጎ ይታሰራል።

መስቀል

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ጀምሩ፤ ከሦስት ሰዓት በኋላ መንገዱ የገበያተኛ ነው። መቃኑ መሬት ላይ ተገጣጥሞ በስድስት ሰው ይነሳል፤ አሸዋው ተሞልቶ ሳያልቅ ገመዱን የሚለቅ ሰው አይኑር። ከመብራት ሽቦ ጋር የሚቀራረብ መቃን ካለ ቦታውን ቀይሩ፤ ሽቦውን በእንጨት ገፋ አድርጎ ማለፍ የሚባል ነገር የለም።

መቃኖቹ ሁሉ ቆመው የጎን ገመዶቹ ከታሰሩ በኋላ ብቻ ጨርቁ ይወጣል። ከመሐል ጀምራችሁ ወደ ሁለቱ ጫፍ ሂዱ፤ ከአንድ ጫፍ ከጀመራችሁ መቃኖቹ አንድ በአንድ ወደዚያ ያዘነብላሉ። የሲባጎው ጫፍ ለሁሉም በአንድ በኩል ይሁን፤ ለምሳሌ በግድር መጋላ በኩል። በችኮላ የሚፈታ ሰው የት እንደሚሄድ ማሰብ የለበትም።

ጥበቃ

ጨርቁ ተሰቅሎ ሳለ ሁልጊዜ ሁለት ሰውና አንድ መሰላል እዚያው ይኑሩ። የነፋስ መለኪያ ከሌለ ዛፍ ይመስክር፦ አቧራና ወረቀት ከመሬት መነሳት ሲጀምር ተዘጋጁ፤ ትንንሽ ዛፎች ከነግንዳቸው መወዛወዝ ሲጀምሩ (በሰዓት ከ29 እስከ 38 ኪሎ ሜትር ነው) ሲባጎውን እየፈታችሁ ጨርቁን ወደ ጠንካራው ጫፍ ጠቅልሉ። ትላልቅ ቅርንጫፎች እስኪነቃነቁ መጠበቅ መዘግየት ነው። ማታ ማታም መጠቅለሉ ይሻላል።

ይህ ጥንቃቄ የተጋነነ የመሰለው ሰው ካለ ይህን ያስታውስ፦ በ1972 እ.ኤ.አ. ክሪስቶና ዣን-ክሎድ ኮሎራዶ ሸለቆ ላይ የዘረጉት ግዙፍ መጋረጃ ነፋስ ስለበረታበት ከ28 ሰዓት በኋላ እንዲወርድ ተገድዷል። በ1991 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ ካቆሟቸው ከ200 ኪሎ በላይ ከሚመዝኑት ጃንጥላዎች አንዱን ነፋስ ነቅሎት አንዲት ጎብኚ ሞታለች፤ ሥራው በሙሉ ወዲያው እንዲዘጋ ተደርጓል። እነሱ መሐንዲሶችና ሰፊ ገንዘብ ነበራቸው።

ዝናብ ሳይታሰብ ቢመጣ 1 ሴንቲሜትር ውኃ በአንድ ጥላ ላይ ከተጠራቀመ ወደ 100 ኪሎ ነው። ደመና ሲከብድ ከነፋሱ እኩል ተጠንቀቁ፤ መጠቅለል ካልተቻለ አንዱን ጥግ ፈትታችሁ ውኃው ወደ አንድ ወገን እንዲወርድ አድርጉ።

ማውረድ

ማውረዱ የመስቀሉ ግልባጭ ነው፦ ጨርቁ ከሁለቱ ጫፍ ወደ መሐል ይወርዳል፣ ከዚያ የጎን ገመዶች፣ ከዚያ መቃኖች፣ አሸዋው መጨረሻ። አቡጀዲውን ለልብስ ሰፊዎቹ ለመስጠት ቀድማችሁ ተስማሙ፤ ለፍራሽ ልብስ፣ ለከረጢት፣ ለገበር ይሆናል። ቦራክስ የነካው ስለሆነ በሙቅ ውኃ ሁለት ጊዜ ታጥቦ ይሰጥ። አሸዋው የተራረፈበትን የድንጋይ ንጣፍ ጥረጉ፤ በተለይ ቁልቁለት ላይ ደረቅ አሸዋ ሰው ያንሸራትታል። በመጨረሻ ከቢሮው ሰው ጋር ሆናችሁ መንገዱን ከላይ እስከ ታች ሂዱ፤ ከመስቀሉ በፊት ያነሳችኋቸውን የግድግዳ ፎቶዎች ይዛችሁ ቦታ በቦታ አስተያዩና ተፈራረሙ።